እጅ መስጠት ነውር የማይሆንበት ምንጣፍ

«እጅ መስጠት» በእኛ ቋንቋ ከባድ ቃል ነው። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ለእንግሊዝ እጃቸውን ከመስጠት ሽጉጣቸውን መጠጣታቸውን እየሰማን አድገናል። ፉከራችንም ሽለላችንም «እምቢ» ብሎ የወደቀውን እንጂ «በቃኝ» ብሎ የተመለሰውን አያወድስም። ስለዚህ ዛሬ ከፖለቲካው ትንሽ ወጣ ብዬ፣ እጅ መስጠትን የመጀመሪያ ትምህርቱ ስላደረገ ስፖርት ስጽፍ ቅር የሚላችሁ እንደምትኖሩ አውቃለሁ።

ስፖርቱ የብራዚል ጁጂትሱ ነው። የምለውም አንድ ነገር ነው፦ በዚህ ስፖርት የሚወዳደር አማተር «አልሸነፍም» ብሎ ክንዱን ሲያሰብር ጀግና እያልን ማጨብጨባችንን እናቁም።

ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። በጁጂትሱ ቡጢም እርግጫም የለም። ሁለት ሰዎች ይያያዛሉ፤ አንዱ ሌላውን ይጥላል፤ ትግሉ ግን በመውደቅ አያበቃም፣ ምንጣፉ ላይ ይቀጥላል። ግቡ አንገት ማነቅ ወይም ክርንን፣ ትከሻን፣ ጉልበትን ወደማይታጠፍበት አቅጣጫ መቆለፍ ነው። የተያዘው ሰው መውጫ ሲያጣ የተጋጣሚውን ገላ ወይም ምንጣፉን በመዳፉ መታ መታ ያደርጋል። «ታፕ» ይሉታል። ያን ጊዜ ያዡ ወዲያው ይለቃል። ልምምድ ከሆነ ተጨባብጠው እንደገና ይጀምራሉ፤ ውድድር ከሆነ ግጥሚያው አበቃ። እዚህ እጅ መስጠት ማለት ቃል በቃል በእጅ ነው።

ምልክቷ ትንሽ ትመስላለች እንጂ ስፖርቱ የቆመው በእሷ ላይ ነው። ጃፓናዊው ጂጎሮ ካኖ በ1882 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኮዶካን የተባለውን የጁዶ ትምህርት ቤት ሲመሠርት፣ አደገኛ ምቶችን ከነፃ ልምምዱ አስወጥቶ ተማሪዎቹ በሙሉ ኃይላቸው እንዲታገሉ አደረገ። ከዚያ ትምህርት ቤት የወጣው ሚትሱዮ ማዬዳ በ1914 ብራዚል ገባ፤ ያስተማረውም በግሬሲ ቤተሰብ እጅ አድጎ ዛሬ የብራዚል ጁጂትሱ የምንለው ሆነ። ቡጢ የሚማር ሰው በየቀኑ ጓደኛውን ባለ በሌለ ኃይሉ ቢመታ፣ በሳምንቱ አብሮት የሚሠራ አያገኝም። ጁጂትሱ የሚማር ግን ዛሬ ማታ አሥር ጊዜ ተሸንፎ ነገ በሁለት እግሩ ይመጣል። በሙሉ ኃይል መለማመድ የሚቻለው በሰዓቱ «በቃኝ» የሚል ሰውና በሰዓቱ የሚለቅ ሰው ስላሉ ብቻ ነው።

ውጤቱን ዓለም በኅዳር 1993 በአሜሪካዋ ዴንቨር ከተማ አየ። በመጀመሪያው የዩኤፍሲ ውድድር 80 ኪሎ ገደማ የሚመዝነው ሮይስ ግሬሲ በአንድ ምሽት ሦስት ሰዎችን አሸነፈ፤ ሦስቱ ፍልሚያዎች ተደምረው 5 ደቂቃ አልሞሉም። ሦስቱም ተጋጣሚዎች ታፕ አድርገው ነው የወጡት። ከመካከላቸው አንዱ፣ ቦክሰኛው አርት ጂመርሰን፣ ምንም ሳይቆለፍበት፣ ሰውየው ላዩ ላይ ስለተቀመጠ ብቻ እጁን ሰጠ። ብዙዎች ስቀውበታል። እኔ ግን በማያውቀው ጨዋታ ውስጥ መግባቱን ቶሎ የተረዳ ሰው ይመስለኛል። ቡጢውን ይዞ ሙሉ አካሉን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ።

ችግሩ፣ ይኸው የግሬሲ ቤተሰብ ተቃራኒውን ታሪክም አብሮ አወረሰን። በ1951 ሪዮ ዴ ጃኔሮ ማራካና ስታዲየም ውስጥ ኤሊዮ ግሬሲ በክብደት በብዙ ከሚበልጠው ጃፓናዊ የጁዶ ሻምፒዮን ማሳሂኮ ኪሙራ ጋር ገጠመ። ኪሙራ ክንዱን ወደ ኋላ ጠመዘዘው። ኤሊዮ ታፕ አላደረገም። ኪሙራ በኋላ በጻፈው ትዝታ የአጥንት መሰበር ድምፅ መስማቱን ይናገራል። ግጥሚያውን ያስቆመው የኤሊዮ ወንድም ካርሎስ ነው። በ2000 ደግሞ ጃፓን ውስጥ ሬንዞ ግሬሲ በካዙሺ ሳኩራባ እጅ በዚያው ቁልፍ ተያዘ። እሱም ታፕ አላደረገም፤ ክርኑ ወለቀ። አንድ ቤተሰብ፣ አንድ ቁልፍ፣ 49 ዓመት ልዩነት።

ይህ ታሪክ በየጂሙ ሲተረክ የሚወደሰው የተሰበረው ክንድ ነው። ለእኔ ግን ከዚያ ግጥሚያ የቀረው ትልቁ ነገር ሌላ ነው። ተሸናፊዎቹ ያን ቁልፍ በአሸናፊው ስም ጠሩት። ዛሬ በየትኛውም አገር ጁጂትሱ የሚማር ልጅ «ኪሙራ» ብሎ ይማረዋል። ከሽንፈት የተማረ ቤት ማለት ይህ ነው፤ ለዚያ ትምህርት ደግሞ የኤሊዮ ክንድ መሰበር አልነበረበትም።

«ያልነካ አሸነፈ እኮ!» የምትሉ አላችሁ፤ እውነት ነው። በ2004 የዓለም ሻምፒዮና የክፍት ክብደት ፍጻሜ ሮናልዶ ሶውዛ፣ በቅጽል ስሙ ጃካሬ፣ ክንዱ በሮጀር ግሬሲ ተጎድቶ ታፕ አላለም። በነጥብ ይመራ ስለነበር የተጎዳ እጁን ቀበቶው ውስጥ ሸጉጦ ሰዓቱን ጨረሰና ወርቁን ወሰደ። አስደናቂ ነው፤ አልክድም። ግን ጃካሬ ሕይወቱ ያ ምንጣፍ የሆነ፣ የዓለም ክብር በሰከንዶች ርቀት ላይ የነበረ ጥቁር ቀበቶ ነው። የከፈለውም ያገኘውም የሱ ነው።

አማተሩ ግን ምን አገኘ? የመመዝገቢያውን ከኪሱ ከፍሎ ይገባል። በአብዛኛው ውድድር አንዴ የተሸነፈ ይሰናበታል፤ የነጭ ቀበቶ ግጥሚያ ደግሞ 5 ደቂቃ ብቻ ነው። ቢያሸንፍ የአንገት ሜዳሊያና ፎቶ ነው። ሰኞ ጠዋት ግን ሥራ አለ። ሹፌር ነው፣ ነርስ ነው፣ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ነው፣ ወይም እንደ እኔ በጻፈው ልክ የሚከፈለው ነው። ክንዱ ሲታሰር ደመወዙም አብሮ ይታሰራል።

በአንድ የአማተር ውድድር ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ ነጭ ቀበቶ በነጥብ እየመራ ክንዱ ተዘርግቶ ተያዘ። አሰልጣኙ ከዳር ሆኖ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ቀርቷል እያለ ይጮኻል። ልጁ ጥርሱን ነክሶ ቆየ። ክርኑ ሲሄድ ድምፁ እኛ ጋ ደረሰ። አዳራሹ አጨበጨበ! ሰውየው ወንበር ላይ ተቀምጦ በረዶ ሲደረግለት ግን ስለ ነጥቡ አልጠየቀም። የጠየቀው መኪናውን ማን ወደ ቤት እንደሚነዳለት ነው።

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ መመለስ ይገባዋል። «ትንሽ ሲጨንቀው ታፕ የሚያደርግ ሰው መውጫ አይማርም» ይላሉ አሰልጣኞች። ልክ ናቸው። ከባድ ሰው ደረትህ ላይ ተኝቶ ትንፋሽ ሲያሳጥርህ መታገስ መማር አለብህ፤ የስፖርቱ ግማሽ ጥቅም እሱ ነው። ግን ጭንቀትና ጉዳት ይለያያሉ። ክብደት ያስጨንቃል እንጂ አይሰብርም። ሙሉ በሙሉ የተዘረጋ ክርን ግን የትዕግሥት ፈተና አይደለም። በተለይ ተረከዝ ጠልፎ ጉልበትን የሚጠመዝዘው ሂል ሁክ፣ ሕመሙ በደንብ ሳይሰማ ጅማቱ ሊበጠስ ይችላል። እዚያ ላይ «ትንሽ ልጠብቅ» የሚል ሰው የሚጠብቀው ቀዶ ሕክምናን ነው።

ሕጉ ይህን ያውቃል። አይቢጄጄኤፍ በሚባለው ትልቁ የውድድር አካል ደንብ ሂል ሁክ ወፍራሙ ልብስ በሚለበስበት ውድድር ለማንም የተከለከለ ነው፤ ያለዚያ ልብስ በሚደረገው ከ2021 ጀምሮ የተፈቀደው ለአዋቂ ቡናማና ጥቁር ቀበቶዎች ብቻ ነው። በሕመም መጮኽ ራሱ እንደ ታፕ ይቆጠራል። ዳኛውም ቁልፉ ለከባድ ጉዳት እንደሚያጋልጥ ካየ ግጥሚያውን ማቆም ይችላል። ስለዚህ የጎደለው ደንብ አይደለም። የጎደለው የእኛ የተመልካቾቹ፣ የአሰልጣኞቹና የዳኞቹ ልማድ ነው።

ዳኛ የተዘረጋ ክንድ ይዞ የሚጠብቅ ነጭ ቀበቶ ሲያይ «ያልነካው እሱ ነው» ብሎ መቆም የለበትም፤ ያስቁም። ልጁ ይናደድበታል፤ ይናደድ። አሰልጣኝ የካርሎስን ሥራ ይሥራ፤ ለተማሪው ክንድ ከተማሪው በላይ ማሰብ ካልቻለ ከዳር የመቆም መብት የለውም። ያዡም ድርሻ አለው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ በጂም ውስጥ ቁልፍን በቅጽበት ገንጥሎ የሚጨርስና ታፕ ከተደረገለት በኋላ አንዲት ሰከንድ የሚጨምር ሰው ከዚያ ሞኝ ይብሳል። አብሮት መለማመድ መተው ነው መፍትሔው። እኛ ዳር ያለነው ደግሞ ጭብጨባችንን በሰዓቱ ታፕ አድርጎ፣ ተነስቶ፣ የአሸናፊውን እጅ ለጨበጠው እናቆየው።

«ስለ አገር ነው የምታወራው?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። የማወራው ስለ ክርን ነው። መቅደላ ላይ የተያዘው የአንድ መንግሥት ዕጣ ነበር፤ ምንጣፉ ላይ የተያዘው አንድ ክንድ ነው። ሁለቱን ያምታታ ሰው የንጉሡንም ሞት ያረክሳል፣ የራሱንም እጅ ያጣል። አባቶቻችን «ከመሞት መሰንበት» ያሉትም ከፉከራው ጎን ለጎን ነው፤ ሁለቱም የእኛው ናቸው።

ልጃችሁን ጁጂትሱ ልታስመዘግቡ ካሰባችሁ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሜዳሊያ አትቁጠሩ። አንድ ሰዓት ተቀምጣችሁ እዩ። አንዱ ታፕ ሲያደርግ ሌላው ምን ያህል ቶሎ ይለቃል? የተሸነፈው ይሳቅበታል ወይስ የት ላይ እንደተያዘ ይነገረዋል? አሰልጣኙስ ከተማሪዎቹ ጋር ይታገላል? ሲያዝስ በሁሉም ፊት መታ መታ ያደርጋል? የማያደርግ ከሆነ ልጃችሁን ይዛችሁ ሌላ ጂም ፈልጉ።