ስለ ቸርችል ሐዲድ የተደረገ ሙግት

በካናዳ፣ በማኒቶባ ግዛት ሰሜናዊ ጫፍ፣ በሀድሰን ባሕረ ሰላጤ ዳር የምትገኘው ቸርችል የተባለችው ትንሽ ከተማ የመኪና መንገድ የማይደርስባት ስለ ሆነች፣ ሰውም ዕቃም የሚገባባት በአውሮፕላን፣ በባቡር፣ ባሕሩም ከበረዶ ነጻ በሚሆንባቸው ጥቂት ወራት በመርከብ ነው። መንግሥት ወደዚህች ከተማ የሚወስደውን ሐዲድ በሕዝብ ገንዘብ ሊደግፍ ይገባዋልን? በዚያው አገር የሚኖሩ ሁለት ጸሐፊዎች በዚህ ጥያቄ ተሟግተዋል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የፊተኛው ጸሐፊ ቃል

መንግሥት በገዛ እጁ የቆረቆራትን ከተማ፣ ትርፍ አላስገባችም ብሎ ሊጥላት አይገባም የምለው ስለ ርኅራኄ ብቻ እንዳልሆነ አስቀድሜ ላስታውቅ እወዳለሁ። ከዘ ፓ ከተማ ተነሥቶ 820 ኪሎ ሜትር ያህል ረግረጉንና ከዓመት እስከ ዓመት የማይቀልጠውን የበረዶ ምድር ሰንጥቆ የሚሄደው ሐዲድ በ1929 ሲፈጸም፣ ወደቡም በ1931 የመጀመሪያዎቹን የስንዴ መርከቦች ሲሸኝ፣ ሥራውን ያሠራው የፌዴራሉ መንግሥት እንጂ ትርፉን ያሰላ ነጋዴ አልነበረም። የምዕራብ ካናዳ ገበሬዎች እህላቸውን በምሥራቅ በኩል ለማውጣት የሚከፍሉት የባቡር ኪራይ ስለ ከበደባቸው፣ ወደ አውሮፓ የሚያወጣ ሌላ በር ይከፈትልን እያሉ ብዙ ዘመን ጮኸው ነበርና፣ በሩ ሲከፈትላቸው ሕዝብ በዙሪያው ሰፈረ።

ከዚያም የከፋ ነገር አለ። በ1956 ያው መንግሥት ሳዪሲ ዴኔ የተባሉትን የአገሬውን ተወላጆች፣ የዱር አጋዘኑን ከመጠን በላይ እያደኑ ፈጁት በሚል ከንቱ ክስ፣ አባቶቻቸው ከኖሩበት የሐይቅ ዳር በአውሮፕላን አንሥቶ በቸርችል ዳርቻ አፈሰሳቸው። በብርድ፣ በረኀብ፣ በመጠጥና በግፍ ብዙዎቹ አለቁ፤ መንግሥት ይቅርታ የጠየቃቸውም ከ60 ዓመት በኋላ፣ በ2016 ነበር።

ይህ ሁሉ በመንግሥት ፈቃድ ከተደረገ በኋላ፣ በ1997 ሐዲዱና ወደቡ ኦምኒትራክስ ለተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ተሸጡና መንግሥት እንደ ጲላጦስ እጁን ታጠበ። በ2012 የካናዳ የስንዴ ቦርድ እህሉን ብቻውን የመሸጥ ሥልጣኑ ሲቀርበት፣ ነጋዴዎቹ ስንዴያቸውን ወደ ሌሎች ወደቦች መለሱት፤ በ2016 የቸርችል ወደብ የእህል ሥራውን አቆመ፤ በግንቦት 2017 ደግሞ ጎርፍ ሐዲዱን በብዙ ስፍራ ቆራረጠው፤ ባለንብረቱም የጥገናው ወጪ ከአቅሜ በላይ ነው አለ።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ባቡር ወደ ቸርችል አልመጣም። ወተቱም፣ አትክልቱም፣ የቤት ማሞቂያው ጋዝም፣ ቀድሞ በሐዲድ ይመጣ የነበረው ሁሉ በአውሮፕላን ወይም በመርከብ መግባት ግድ ስለ ሆነበት ዋጋው ናረ፤ አንዳንዱም ቤተ ሰብ ከተማዋን ለቆ ሄደ። በዚያን ጊዜ ከሆነው ሁሉ ከልቤ ያልወጣው ግን ይህ ነው፦ ጎርፉ ሲመጣ በቸርችል ጣቢያ ቆሞ የነበረው የመንገደኞች ባቡር መመለሻ አጥቶ ወራት ካስቆጠረ በኋላ፣ ሎኮሞቲቩ ከነፉርጎዎቹ በመርከብ ተጭኖ በባሕር መንገድ ተወሰደ። ባቡር በመርከብ ተጭኖ በተሰደደባት ከተማ ቆሞ ስለ ነጻ ገበያ በረከት ሊሰብክ የሚደፍር ካለ፣ እኔ ልሰማው ፈቃደኛ ነኝ።

በመጨረሻ፣ በ2018፣ የአገሬው ተወላጆችና የሰሜን ከተሞች ከሌሎች ባለ ገንዘቦች ጋር ሆነው ሐዲዱን ሲገዙ፣ የፌዴራሉ መንግሥት 117 ሚሊዮን ዶላር መደበ፤ ከዚህም 74ቱ ሚሊዮን ለግዢና ለጥገና፣ 43ቱ ሚሊዮን ለ10 ዓመት ማካሄጃ ነበር። ይህን ምጽዋት የሚሉት አሉ፤ እኔ ግን ዘግይቶ የተከፈለ ዕዳ እለዋለሁ።

የሁለተኛው ጸሐፊ መልስ

የክቡር ባልንጀራዬ ጽሑፍ ልብን የሚነካ በመሆኑ፣ አንባቢው እንባውን ሲጠርግ ሒሳቡን እንዳይዘነጋ እሰጋለሁ። በ2021 ቆጠራ የቸርችል ነዋሪ 870 ነበር፤ ያ 117 ሚሊዮን ዶላር ለእያንዳንዱ ነፍስ ቢከፋፈል ከ134 ሺህ ዶላር በላይ ይደርሰዋል። ገንዘቡም በዚያ አላበቃም፤ በ2022 የፌዴራሉና የማኒቶባ መንግሥታት በአንድነት ሌላ 147.6 ሚሊዮን ጨመሩ።

የተጨመረው ገንዘብ የሚገባበትን ምድር ደግሞ እንመልከት። ሥሩ የረጋ በረዶ፣ ላዩ ረግረግ ነው፤ ሙቀት ሲመጣ ይሰጥማል፣ ብርድ ሲመጣ ያብጣል። በሐዲዱ ዳር የተተከሉትን የቴሌግራፍ ምሰሶዎች ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ አንዱ ግንድ ብቻውን ቢተከል ምድሩ ገፍቶ ስለሚጥለው፣ ሦስት ሦስቱ ግንድ እግሩን አንፈራጥጦ አናቱ ላይ ታስሮ ቆሟል። ምሰሶ ቀጥ ብሎ የማይቆምበትን ምድር፣ ዓለም ይልቁን እየሞቀች በምትሄድበት ዘመን፣ ለከባድ ባቡር የተመቸ አድርጎ ማቆየት ማለቂያ የሌለው ሥራ ነው።

ስለ ወደቡም ቢሆን ነገሩ የተፈተነ ነው። የስንዴ ቦርዱ ሥልጣን ሲቀር፣ መንግሥት ነጋዴውን ወደ ቸርችል ይስብልኛል ብሎ በዓመት እስከ 5 ሚሊዮን ዶላር፣ ለአምስት ዓመት የሚሆን ድጎማ መድቦ ነበር፤ የድጎማው ዘመን ሳይፈጸም የወደቡ የእህል ሥራ ቆመ። እየተከፈለው ያልመጣ ነጋዴ ምን ቢደረግለት ይመጣል? ሐዲዱ በተቆረጠ ጊዜም የካናዳ የትራንስፖርት ኤጀንሲ በ2018 ባለንብረቱ እንዲጠግን አዝዞ ሳለ፣ ጥገናው የተሠራው ንብረቱ ተሸጦ የሕዝብ ገንዘብ ከገባበት በኋላ ነው። ይህን ያየ ሌላ ባለንብረት ምን ይማራል?

አሁን ወደ ዴኔዎቹ ልመለስ፤ ባልንጀራዬ ግፋቸውን ጠቅሰው ፍጻሜውን ትተውታልና። የተረፉት በ1973 ከቸርችል ተነሥተው ወደ ውስጥ አገር፣ ወደ ታዱሌ ሐይቅ ሄደው መንደራቸውን በራሳቸው ፈቃድ ሠሩ። ወደዚያ ሐዲድ አይደርስም። የሚገባው በአውሮፕላን ነው፤ በብርድ ወራትም በረጋው በረዶ ላይ በሚጠረግ መንገድ ነው። በማኒቶባ እንዲህ ያለው የብርድ ወራት መንገድ ከ2000 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ ከ20 የሚበልጡ ማኅበረሰቦች ነዳጃቸውን፣ የቤት መሥሪያ እንጨታቸውንና የዓመት ስንቃቸውን የሚያስገቡት በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ነው፤ ብርዱ በለዘበ ዓመትም መንገዱ ዘግይቶ ተከፍቶ ፈጥኖ ይዘጋል። እንግዲህ በዴኔዎች ስም የሚጠየቀው ካሳ ዴኔዎች ጥለውት ለሄዱት ከተማ የሚከፈል ከሆነ፣ ይህ ርትዕ የተባለው ነገር የት ላይ ነው?

የፊተኛው ጸሐፊ አጸፋ

ስለ ታዱሌ ሐይቅ የተናገሩት እውነት ነው፤ ለዚያ መንደር የዓመቱን ሙሉ መንገድ እንጠይቅ ካሉኝ አቤቱታው ላይ ከእርስዎ ቀድሜ እፈርማለሁ። ነገር ግን 870 ነፍስ ብቻ ቆጥረው ማካፈልዎ ከአንድ ሊቅ የሚጠበቅ አይደለም። ሥኬት ፖርቴጅ፣ ፒክዊቶኔይና ኢልፎርድን የመሰሉ በሐዲዱ ዳር ያሉ መንደሮች ዓመቱን ሙሉ የሚያገለግል የመኪና መንገድ የላቸውም፤ ከቸርችልም ባሻገር በኑናቩት ግዛት የኪቫሊክ አውራጃ ሰፈሮች ከጭነታቸው ከፊሉን ከዚያው ወደብ ይቀበላሉ። በ2021 ሌሎቹ ባለድርሻዎች ሲወጡ፣ ሐዲዱና ወደቡ ሙሉ በሙሉ የ41 የሰሜን ማኅበረሰቦች ንብረት ሆነዋል። እነዚህንም በአካፋዩ ውስጥ ይጨምሩልኝና ሒሳቡን እንደ ገና ይሥሩት። በ2024 ደግሞ ከሰሜን ማኒቶባ የወጣ የዚንክ ማዕድን በዚሁ ወደብ ወደ ባሕር ማዶ ተጭኗል፤ ሐዲዱ በ2017 እንደ ተቆረጠ ቢቀር ኖሮ፣ ስለዚህ ጭነት ዛሬ የሚነገር ነገር አይኖርም ነበር።

የሁለተኛው ጸሐፊ የመጨረሻ ቃል

የሐዲዱ ዳር መንደሮች ሊቆጠሩ እንደሚገባ እቀበላለሁ፤ ለእነርሱ የሚበቃ ባቡር በመጠነኛ ወጪ ይሂድ ቢባል ተቃውሞ የለኝም። የምቃወመው፣ የመንደርተኛው የወተት ባቡርና የታላቅ ወደብ ሕልም በአንድ ከረጢት ታስረው በአንድ ስም ገንዘብ ሲጠየቅባቸው ነው። አንድ የዚንክ መርከብ ወደብ አያቆምም። በ2025 የፌዴራሉ መንግሥት ለዚሁ ሐዲድና ወደብ በአምስት ዓመት እስከ 175 ሚሊዮን ዶላር እሰጣለሁ ብሎ ቃል ገብቷል፤ ስለዚህ በዚህ አገር የምትኖሩና ግብር የምትከፍሉ አንባቢዎች ሆይ፣ የምክር ቤት እንደራሴያችሁን ስታገኙ፣ ከዚህ ገንዘብ ስንቱ ለሰዎቹ ስንቱ ለወደቡ እንደሚውል ለይቶ በአደባባይ እንዲነግራችሁ፣ ለታዱሌ ሐይቅ መንገድም ምን እንደ ተመደበ እንዲያስረዳችሁ ጠይቁት።