«ፋይሉ የት ደረሰ?»

በትምህርት ክፍላችን ስለ ከተማ አስተዳደር ስንማር አብዛኛውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ትላልቅ ጉዳዮች ነው፤ ስለ መዋቅራዊ ፕላን፣ ስለ ሊዝ፣ ስለ መልካም አስተዳደር። እኔ ዛሬ ላነሳ የፈለግኩት ግን ትንሽ ስለምትመስል ነገር ነው። አንድ ነዋሪ ቤት ለመሥራት ወይም ያለውን ለማስፋት ማመልከቻ ካስገባ በኋላ ማመልከቻው የት ይደርሳል? ማን እጅ ላይ ነው? ስንት ቀን ቆየ? ከተመለሰስ ለምን ተመለሰ? ባለጉዳዩ ይህን ሳይለምንና ዘመድ ሳይፈልግ ማወቅ ይችላል ወይ? የእኔ አቋም አጭር ነው። የግንባታ ፈቃድ አሰጣጣችን ዋናው በሽታ መዘግየቱ አይደለም፤ አለመታየቱ ነው።

ያደግኩት አቃቂ ነው። አቃቂን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልግለጻት። ባቡር አልፎባታል፣ ፋብሪካ በዝቶባታል። የጨርቃ ጨርቁ፣ የመለዋወጫ ዕቃው፣ የብረታ ብረቱ ፋብሪካ ሰፈር እየፈጠረ፣ ሰፈሩም መልሶ ፋብሪካውን እየከበበ ነው ያደገችው። ከፋብሪካ አጥር ሥር መኖሪያ ቤት አለ፤ ከመኖሪያው ቀጥሎ ጋራዥ፣ ከጋራዡ ቀጥሎ መጋዘን፣ ከመጋዘኑ ጀርባ ወንዝ። ወደ ቱሉ ዲምቱ ወጣ ሲሉ ደግሞ የአዳማው የፍጥነት መንገድ መነሻና የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች አሉ፤ በቂሊንጦ በኩል የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ግንባታ የማይታይበት አቅጣጫ የለም ማለት ይቻላል።

እንግዲህ እንዲህ ባለ ቦታ የግንባታ ማመልከቻን መመርመር የወረቀት ጨዋታ አይደለም። የአቃቂ ሜዳ አብዛኛው መረሬ ነው። ይህ ጥቁር አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። መሠረቱ ይህን ያላገናዘበ ቤት ግድግዳው በጥቂት ዓመት ውስጥ መሰንጠቅ ይጀምራል። ወንዙ በክረምት ይሞላል፤ ከላይ ከከተማው የሚወርደውን ቆሻሻና የፋብሪካ ፍሳሽም ይዞ ይመጣል። ከመሬቱ ሥር ደግሞ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ትልቅ ድርሻ የሚያበረክተው የአቃቂ የከርሰ ምድር ውሃ አለ። ስለዚህ አንድ የህንፃ ሹም ፕላን ላይ ማህተም ሲያሳርፍ፣ ውሳኔው የቤቱን ባለቤት ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ ጎረቤቱንም፣ ከወንዙ በታች ያለውንም፣ ከቧንቧ የሚጠጣውንም ይነካል። «ምርመራው ይቅር፣ ሕዝቡ እንደፈለገ ይሥራ» የሚል ሰው ካለ እኔ ከእሱ ጋር አይደለሁም።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ህንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ይህን ምርመራ በሥርዓት ለማስያዝ የተደረገ ትልቅ እርምጃ ነበር። ህንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፈላቸው። ምድብ «ሀ» በመዋቅሮቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር ያልበለጠ ባለ አንድ ፎቅ ህንፃንና ከሁለት ፎቅ በታች የሆነ የግል መኖሪያ ቤትን የሚይዝ ነበር። ምድብ «ለ» ከዚያ ከፍ ያለውን፣ ምድብ «ሐ» ደግሞ ሕዝብ የሚገለገልባቸውን ህንፃዎች፣ ፋብሪካና ወርክሾፖችን፣ እንዲሁም ከመሬት በላይ ከ12 ሜትር በላይ ቁመት ያላቸውን ያጠቃልል ነበር። ሕግ ይሻሻላል፣ ቁጥሩም ይቀየራል፤ ከጀርባው ያለው ሐሳብ ግን ትክክል ነው። አደጋው ባነሰ ቁጥር ምርመራው ይቅለል፣ አደጋው በበዛ ቁጥር ይጠንክር ነው የሚለው። ያው አዋጅ በህንፃ ሹሙ ውሳኔ ቅር የተሰኘ ሰው የሚሄድበት የይግባኝ ሰሚ ቦርድም አስቀምጦ ነበር።

በተግባር አንድ ማመልከቻ የሚያልፍባቸውን እጆች እስቲ እንቁጠር። መጀመሪያ ይዞታው ይጣራል፤ ካርታው ትክክል ነው ወይ፣ አመልካቹ ባለመብት ነው ወይ፣ ውክልና ከሆነ ውክልናው ይሠራል ወይ ይባላል። ቀጥሎ የፕላን ስምምነት አለ፤ በዚያ ቦታ ላይ የታሰበው አገልግሎት ከከተማው ፕላን ጋር ይሄዳል ወይ የሚለው ነው። ከዚያ የአርክቴክቸር፣ የስትራክቸር፣ የኤሌክትሪክና የሳኒተሪ ዲዛይኖች በየባለሙያው ይታያሉ። ክፍያ ይፈጸማል፣ ፈቃድ ይሰጣል። ግንባታው ሲጀመርም ተቆጣጣሪ ይመጣል። አስተውሉ፤ ፋይሉ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው በተሸጋገረ ቁጥር የሚቆምበትና የሚረሳበት፣ አንዳንዴም «የሚጠፋበት» አጋጣሚ ይፈጠራል።

ታዲያ ፋይሉ የት እንዳለ የሚያውቀው ማነው? መዝገብ ቤት ያለው ሠራተኛ ያውቃል። ፋይሉን የያዘው ባለሙያ ያውቃል። ጉዳይ አስፈጻሚና ደላላም አንዳንዴ ከሁሉም ቀድሞ ያውቃል። የማያውቀው ባለጉዳዩ ብቻ ነው። አባቶቻችን ለዚህ የቆየ ቃል አላቸው፤ ደጅ መጥናት ይሉታል። በድሮ ጊዜ ደጅ የሚጠናው ሹመት ወይም ርስት ፈላጊ ነበር። ዛሬ ደጅ የሚጠናው «ፋይሌ የት ደረሰ?» ለሚል አንዲት ጥያቄ መልስ ለማግኘት ሆነ። መረጃ በጥቂት ሰዎች እጅ ብቻ ሲሆን ዋጋ ያወጣል፤ ዋጋ ያለው ነገር ደግሞ ይሸጣል። «ሻይ መጠጫ» የምንላት ነገር ብዙ ጊዜ የምትከፈለው ሕግ ለማስጣስ አይደለም፤ ከታች የተቀመጠው ፋይል ወደ ላይ እንዲወጣ ብቻ ነው። ሰው በሕግ ላገኘው መብት ገንዘብ ይከፍላል ማለት ነው።

ሌላም መዘዝ አለው። የከተማ ዳር ልጆች «የጨረቃ ቤት» የሚለውን ቃል በደንብ እናውቀዋለን፤ በጨረቃ ብርሃን ተጀምሮ ሲነጋ ጣራ የለበሰ ቤት ማለት ነው። የጨረቃ ቤት ብዙ ምክንያት አለው። ድህነት አለ፣ የቦታ እጥረት አለ፣ የመሬት ወረራ ንግድም አለ። ነገር ግን ካርታ ኖሮት፣ አቅም ኖሮት፣ በሕጋዊ መንገድ መሥራት እየፈለገ «መቼ እንደሚያልቅ አይታወቅም» ብሎ ሌሊት የሚቆፍር ሰውም ይኖራል። ይህ ሰው ወሩን ቢያውቀው ኖሮ ይጠብቅ ነበር። ሰው ረጅም ጊዜ መጠበቅ ይችላል፤ የማይችለው መጨረሻውን ሳያውቅ መጠበቅ ነው። ያለ ፈቃድ የተሠራው ቤት ደግሞ መረሬው ላይ ስላለው መሠረት የጠየቀው ባለሙያ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሳል። «ፍጥነትማ ተሞክሯል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በየመሥሪያ ቤቱ የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ፣ በተለምዶ ቢፒአር የምንለው፣ ሲካሄድ በየግድግዳው «ይህ አገልግሎት በዚህን ያህል ደቂቃ ይሰጣል» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ሆኖም ቀን ብቻ የሚቆጠርበት ሠራተኛ ቀኑን የሚያስቆምበት ዘዴ ያገኛል። ከሁሉም የቀለለው ዘዴ ፋይሉን መመለስ ነው። «አንድ ፊርማ ጎድሏል» ተብሎ ይመለሳል፤ ተሟልቶ ሲመጣ እንደ አዲስ ማመልከቻ ከአንድ ይቆጠራል። በሚቀጥለው ደግሞ ሌላ ጉድለት ይገኛል። በሪፖርት ላይ ሁሉም በጊዜው ተስተናግዷል፤ ባለጉዳዩ ግን ስድስት ወር ተመላልሷል። ሪፖርቱ አልዋሸም፤ የቆጠረው ግን የተሳሳተውን ነገር ነው።

ቁጥር ግብ ሲሆን እንደሚበላሽ ዓለምም አይቶታል። የዓለም ባንክ ለዓመታት ያወጣው የነበረው የንግድ ሥራ አመቺነት ሪፖርት ከሚለካቸው ነገሮች አንዱ የግንባታ ፈቃድ ነበር፤ ስንት ደረጃ፣ ስንት ቀን፣ ምን ያህል ወጪ እንደሚጠይቅ ይመዝን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020ው ሪፖርት አገራችን በአጠቃላይ ከ190 አገሮች 159ኛ ነበረች። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2021፣ ባንኩ በመረጃ አያያዙ ላይ በተገኘ መዛባት ምክንያት ሪፖርቱን ጨርሶ አቆመው። ደረጃ ማሻሻል አገልግሎት ከማሻሻል ጋር አንድ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ የሚያስፈልገን አይመስለኝም።

ስለዚህ እኔ የምለው «ፍጠኑ» አይደለም። «አሳዩን» ነው። በእንግሊዝ አገር የአካባቢ ምክር ቤት ለሚቀርብለት ለእያንዳንዱ የልማት ማመልከቻ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ማንም ሰው ሊያየው በሚችል መዝገብ ላይም ያሰፍረዋል። ለጎረቤት ማሳወቂያ ይደረጋል፤ ጎረቤትም አስተያየቱን በጽሑፍ ይሰጣል። ለአነስተኛ ማመልከቻ 8 ሳምንት፣ ለትልቅ 13 ሳምንት የውሳኔ ጊዜ ተቀምጧል። ጊዜው አልፎ መልስ ከጠፋ አመልካቹ ይግባኝ ማለት ይችላል፤ ዝምታ ራሱ እንደ ውሳኔ ይቆጠርበታል ማለት ነው። «እነሱ ሀብታሞች ናቸው» እንዳንል ደግሞ ኪጋሊ አለች፤ የግንባታ ፈቃድ ማመልከቻን በኢንተርኔት መቀበል ከጀመረች ከአስር ዓመት በላይ ሆኗታል። እኛም ዘንድ በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት የተለያዩ ተቋማትን አገልግሎት በአንድ ጣሪያ ሥር ማምጣት እንደሚቻል አሳይቷል።

የጎረቤትን ነገር በተለይ ላስምርበት። ለአቃቂ ልጅ ትልቁ ጥያቄ «የእኔ ፈቃድ መቼ ይወጣል?» ብቻ አይደለም፤ «ከቤቴ ጎን ምን ሊሠራ ነው?» የሚለውም ነው። መጋዘን ነው? የቆዳ ማልፊያ ነው? ባለ አምስት ፎቅ ነው? ብዙዎቻችን ይህን የምናውቀው ቆርቆሮ አጥር ሲታጠር ነው። ያኔ ደግሞ ፈቃዱ ወጥቷል፣ ገንዘብም ፈሷል፣ የሚቀረው ጠብ ብቻ ነው። የጎረቤትን ድምፅ መስማት ለሕጋችን ባዕድ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የጥናቱ ሰነድ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበት ይደነግጋል። ለትልልቅ ፕሮጀክቶች የታሰበውን ይህን መንፈስ በአቅሙ ወደ ሰፈር ማውረድ ነው የሚያስፈልገው።

«ሲስተሙ ውድ ነው፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ይሁን፤ ከኮምፒውተር በፊት መጀመር ይቻላል። ማመልከቻ ሲገባ ቁጥርና ቀን ያለበት ደረሰኝ ለባለጉዳዩ ይሰጠው። በጽሕፈት ቤቱ ግቢ በሰሌዳ ላይ በየሳምንቱ የማመልከቻ ቁጥር፣ የገባበት ቀን፣ ያለበት ደረጃና የያዘው ክፍል ይለጠፍ። ፋይል የሚመለስ ከሆነ ጉድለቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ፣ በጽሑፍ፣ በፊርማ ይነገር፤ ቆጠራውም ከመጀመሪያው ቀን ይቀጥል እንጂ እንደ አዲስ አይጀመር። ግንባታው በሚካሄድበት ቦታ ላይ የታሰበው ሥራ በግልጽ አማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተጽፎ ይሰቀል። ይህ ሁሉ ወረቀት፣ እስክሪብቶና ፈቃደኝነት እንጂ ሰርቨር አይጠይቅም።

ሌላው ስጋት ይበልጥ የሚያሳስብ ነው፤ መዝገቡ ክፍት ከሆነ ደላላው ማን ሊገነባ እንደሆነ አይቶ በር ያንኳኳል፣ የሰው ንብረትም ለዓይን ይጋለጣል ይባላል። ለዚህ ነው ሰሌዳው ላይ ስም ሳይሆን ቁጥር ይለጠፍ የምለው። የምስጢሩን ጉዳይ በሐቀኝነት ካየነው ደግሞ ደላላው ዛሬም መረጃውን አላጣም። ዝግ መዝገብ የሚከለክለው ደላላውን ሳይሆን ጎረቤቱንና ባለቤቱን ነው።

በመጨረሻም የሥራ ባልደረባ የምንሆናቸውን ሠራተኞች ወገን ሆኜ አንድ ነገር ልበል። ከዚህ ክፍል ስንመረቅ ብዙዎቻችን ከዚያ ጠረጴዛ ማዶ ነው የምንቀመጠው። የሚታይ መዝገብ ባለሙያውን የሚያስፈራው ከሆነ ቅን የሆነውን ግን ያድነዋል። በአፈሩ ምክንያት አንድን ፕላን አላሳልፍም ያለ መሐንዲስ ምክንያቱ በጽሑፍ ተመዝግቦ ከተቀመጠለት ማንም «ጉቦ ፈልጎ ነው» ሊለው አይችልም። ከላይ ደውሎ «ይህችን ፋይል ቶሎ ጨርስልኝ» የሚለው ሰውም ተራው በሰሌዳ ላይ እየታየ መዝለል ይከብደዋል።

ለመምህራኖቻችን አንድ ጥያቄ አለኝ። ለመመረቂያ ጽሑፍ «የመልካም አስተዳደር ተግዳሮቶች» የሚሉ ሰፋፊ ርዕሶችን ከምንደጋግም፣ በየክፍለ ከተማው የአንድን ማመልከቻ ጉዞ ከገባበት ቀን እስከ ወጣበት ቀን ተከትለን፣ በየጠረጴዛው ስንት ቀን እንዳደረ እየቆጠርን ብናጠናስ? ለተማሪ አቅም የሚሆን ሥራ ነው፤ ለከተማውም ይጠቅማል። እናንተስ ምን ትላላችሁ? በሚቀጥለው እትም መልሳችሁን እጠብቃለሁ። ቸር እንሰንብት።