አንድ ስንዴ፣ ሦስት ስም

በ2006 ዓ.ም. መኸር አርሲና ባሌ ላይ የወረደውን የግንድ ዋግ፣ የደረሰበት ገበሬ አይረሳውም። ዲገሉ የተባለው ዝርያ ቢጫ ዋግን ይቋቋማል ተብሎ በሰፊው ተዘርቶ ነበር፤ ስሙም የአርሲ ወረዳ ስም ነው። አዲስ የዋግ ዓይነት መጣና ማሳው አጨዳ ሳይደርስ አለቀ። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ቢጫ ዋግ ኩብሳን እንዲሁ አድርጎት ነበር።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ጣት የሚቀሰረው ገበሬው ላይ ነው። «አሮጌ ዘር አልተውም አለ» ይባላል። ፍርደ ገምድልነት ነው። የዘራው ምን እንደሆነ በትክክል የነገረው ማነው?

ኩብሳን እንይ። ሜክሲኮ ላለው የስንዴ ምርምር ማዕከል ለሲሚት አቲላ ነው። ለእኛ ተመራማሪዎች ኤች.ኤ.አር 1685 ነበር። ሲለቀቅ ኩብሳ ተባለ። አሰላ አጠገብ ቁሉምሳ ያለ ባለሙያ ሦስቱንም በቃሉ ያውቃል። ጣጣው ዘሩ ከምርምር ግቢ ከወጣ በኋላ ነው። ከአራቢ ዘር ወደ ቅድመ መሥራች፣ ወደ መሥራች፣ ከዚያም ወደ ተመሰከረለት ዘር ሲባዛ እጅ ይቀያየራል፣ መዝገብም ይቀያየራል። ጆንያው ላይ የተሰፋው ወረቀት ዝርያውን ይናገራል፤ ጆንያው ተፈትቶ ለጎረቤት በቁና ሲሰፈር ግን ወረቀቱ አብሮ አይሰፈርም። ስንዴ ደግሞ እንደ ዲቃላ በቆሎ በየዓመቱ ካልተገዛ የማይባል ነው፤ ከጎተራ እየወጣ ዓመታት ይዘራል። በሦስተኛው ዓመት «የእከሌ ስንዴ» ሆኖ ቁጭ። በአገራችን ስንዴ ላይ የተደረገ የዘረመል ምርመራም ብዙ ገበሬዎች የዘሩትን በሌላ ዝርያ ስም እንደሚጠሩት አሳይቷል።

ፋብሪካዎች ይህን በሽታ ያውቁታል። የአንድን ዕቃ መረጃ ከንድፉ እስከ ጥገናው በአንድ መለያ የሚከታተል ሶፍትዌር የሚገዙት ለዚህ ነው። እሱም ቢሆን ካልተናበበ ዋጋ የለውም፦ እ.ኤ.አ. በ2006 የኤርባስ ኤ380 ዘግይቶ ኩባንያውን ያዋረደው፣ ሃምቡርግና ቱሉዝ ያሉ መሐንዲሶች የአንድ ንድፍ ሶፍትዌር የተለያዩ ቅጂዎች ይዘው ገመዱ አልደርስ ስላለ ነው። ያውም የሁለት ከተማ ጉዳይ! እዚህ ምርምሩ፣ ዘር አባዢው፣ ዩኒየኑ፣ ወረዳውና ቀበሌው አሉ።

«ዲጂታል ግብርና» የሚሉ ሹማምንት ሌላ መተግበሪያ ከማስመረቃቸው በፊት የሚቀድመው ርካሽ ነገር ነው፦ ዝርያው ሲመዘገብ የሚሰጠው አንድ ቁጥር እስከ ገበሬው ደረሰኝ ድረስ ሳይቀየር ይሂድ። የልማት ጣቢያ ሠራተኛውም በየመኸሩ ከጎረቤት የተሰፈረውን ጭምር እየጠየቀ በዚያው ቁጥር ይመዝግብ። ስልክ ላይ ባይሆን ደብተር ላይ።

አገሪቱ የዋግ ቅድመ ማስጠንቀቂያ አላት፤ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና ከሲሚት ጋር የሠራው ነው። ነፋሱ የዋጉን ብናኝ ወዴት እንደሚወስደው ይተነብያል። ነገ ብናኙ ወደ ጢዮና ሄጦሳ ያቀናል ቢባል፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ኬሚካል ርጩ ለማለት የማንን በር ቀድሞ ያንኳኳል?