የሀብታም በሽታ

«ስኳር የሀብታም በሽታ ነው» የምትሉ ወገኖቼ፣ እስቲ ኢታንግ ድረስ ልውሰዳችሁ።

ባለፈው መጋቢት ለሌላ ጉዳይ ሄጄ ነበር። ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲነካ ባሮ ራሱ የሚፈላ ይመስላል። ስኳር ከያዘኝ 11 ዓመቴ ነው፤ ኢንሱሊኔን በረዶ በሞላሁት ፔርሙዝ ይዤ እንደ ሕፃን ታቅፌዋለሁ። በረዶው ሲያልቅብኝ ካደርኩበት አጠገብ ካለች ግሮሰሪ ገብቼ ፍሪጅ ውስጥ እንዲያስቀምጡልኝ ለመንኩ። ባለቤቱ ሳቀ። «የርስዎ ሁለተኛ ነው» አለኝ። ለካ ከቢራው ጀርባ በፌስታል የተጠቀለለ ሌላ ብልቃጥ አለ።

የብልቃጡ ባለቤት ማታ መጣ። ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው፤ አጥንቱ ይቆጠራል። «ጋሼ፣ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠው ብለው ሰጡኝ። እኛ ቤት መብራት የለም» አለኝ። ጠዋት የሚወጋው ግሮሰሪው ሲከፈት ነው። ባለቤቱ ለቅሶ ሄዶ የዘጋ ዕለት መርፌ የለም። ጎረቤቶቹ ደግሞ «ይህን ያህል ከስተህ የምን ስኳር ነው?» ይሉታል።

ይኸውላችሁ ሀብታሙ!

እንዲህ ያሉትን ከሲታ የገጠር ወጣቶች የጎንደር ሐኪሞች ካጠኗቸው ቆይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 «ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ ስኳር» ብሎ መደባቸው፤ በ1999 ምድቡን ሰረዘው። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በ2025 «ዓይነት 5» ብሎ መልሶ አወቃቸው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በሽታው ከጥጋብ ብቻ ሳይሆን ከረሃብም ይመጣል ማለት ነው። እኛ ግን ዛሬም ስኳርን በቦርጭ እንለካለን።

«ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጥ» የሚለው ትእዛዝስ? ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቭ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጥናት፣ በኬንያው ዳጋሃሌ የስደተኞች ካምፕ እንዳለው ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚዋዥቅ ሙቀት ኢንሱሊን አራት ሳምንት ኃይሉን ጠብቆ ቆይቷል። የኢታንግ ፀሐይ ከዚያ ሲያልፍ፣ ጥላ ሥር የተቀመጠ እርጥብ የሸክላ ማሰሮ ሙቀቱን ያወርደዋል። ማሰሮ ደግሞ በዶላር አይገዛም። ታዲያ ይህን ለልጁ ቁጭ ብሎ የሚነግረው ሰው ለምን ጠፋ? ከወር በላይ የሚቀመጠው መድኃኒት ፍሪጅ ይፈልጋል፤ እሱ የጤና ጣቢያው ሥራ ነው። ክትባትን በቅዝቃዜ ጠብቆ ገጠር ድረስ ማድረስ የቻለ አገር ለኢንሱሊን ሲሆን ያቅተዋል እንዴ?

የኢንሱሊን አግኚዎች እ.ኤ.አ. በ1923 መብታቸውን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተላልፉ የተቀበሉት ለየራሳቸው 1 ዶላር ብቻ ነው፤ ለሁሉም እንዲደርስ ብለው። መቶ ዓመት አለፈ። ኢታንግ ላይ የደረሰው አንድ ባለግሮሰሪ ነው። ያለ ደመወዝ የጤና ሠራተኛ ሆኗል፤ እግዜር ይስጠው። ግን የአንድ ወጣት ሕይወት በአንድ ደግ ሰው ቁልፍ ላይ ሲንጠለጠል «የሀብታም በሽታ» ብሎ ማለፍ አለማወቅ ብቻ አይደለም፤ ጭካኔም ነው።