ማንቂያ ቃልና የእኛ ድምፅ

«ሄይ ሲሪ» ሲባል የሚነቃ ስልክ ቋንቋ የተረዳ ይመስላል። ሥራው ግን ከመረዳት ይልቅ ወደ መመዘን ይቀርባል። አፕል በ2017 እ.ኤ.አ. እንዳብራራው፣ ስልኩ ድምፅን በሴኮንድ 16,000 ጊዜ ይለካል። ልኬቱ 0.01 ሴኮንድ ያህል ርዝመት ወዳላቸው ቁራጮች ይከፈልና የእያንዳንዱ ቁራጭ ስፔክትረም ይሰላል። 20 ያህል ቁራጮች በአንድነት ወደ ትንሽ ሰው ሠራሽ የነርቭ መረብ ይገባሉ። መረቡም በዚያች ቅጽበት የተሰማው ከሐረጉ የትኛው ድምፅ ሊሆን እንደሚችል ዕድሉን በቁጥር ይገልጻል። ቁጥሮቹ በሐረጉ ቅደም ተከተል ተደምረው ከተቀመጠው ወሰን ሲያልፉ ዋናው ፕሮሰሰር ይነቃና በትልቅ መረብ ዳግም ይመረምራል። ወሰኑ ዝቅ ካለ ስልኩ ሳይጠሩት ይነቃል፤ ከፍ ካለ ደግሞ ባለቤቱ ቢጠራውም አይሰማም።

ስለዚህ የማንቂያ ቃል ምርጫ በከፊል የፊዚክስ ጉዳይ ነው። አማዞን «አሌክሳ» የሚለውን ስም የመረጠበት አንዱ ምክንያት በውስጡ ያለው «ክስ» የተሰኘ ጠንካራ ድምፅ በቀላሉ የሚለይ መሆኑ ነው። አማርኛስ ታፍነው በድንገት የሚፈነዱ እንደ ቀ፣ ጠ እና ጨ ያሉ ድምፆች ሞልተውት የለምን?

በእኔ እምነት አማርኛ ማንቂያ ቃል መሥራት ከአቅማችን በላይ አይደለም። አንድን ሐረግ ብቻ ለሚለይ መረብ ግዙፍ ኮምፒውተር አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው የወንዱና የሴቷ፣ የሕፃኑና የአዛውንቱ፣ የጎንደሩና የወሎው ድምፅ በጸጥታም በገበያ ጫጫታም ተቀድቶ መገኘቱ ነው። ይህን መሰብሰብ ለሳይንስ ፋኩልቲዎች የሚገባ ሥራ ነው። ካልሠራነው ግን የገዛ ስልካችንን በሰው ቋንቋ እየጠራን እንኖራለን።