የእናት ስንቅ ሲያልቅ

ሕፃን ከእናቱ ማሕፀን ሲወጣ ባዶ እጁን አይመጣም። በእንግዴ ልጁ በኩል ከእናቱ ደም የተቀበለው፥ በሽታን የሚከላከልለት ስንቅ አለው፤ ሐኪሞች ፀረ እንግዳ አካል ይሉታል። ይህ ስንቅ ስድስት ወር ያህል ያቆየዋል፤ ከዚያ ወዲያ የራሱን ማዘጋጀት አለበት። ይህን ማድረግ ሳይችሉ የሚወለዱ ልጆች ግን አሉ።

እ.ኤ.አ. በ1952 ዓ.ም. ኮሎኔል ኦግደን ብሩተን የተባሉ የሕፃናት ሐኪም በዋሽንግተን፥ ዋልተር ሪድ በተባለው የጦር ሠራዊት ሆስፒታል አንድ የ8 ዓመት ልጅ ያክሙ ነበር። ልጁ በ4 ዓመት ውስጥ ከ10 ጊዜ በላይ ደሙ ተመርዞ ታሟል፤ በመድኃኒት ይድናል፥ ተመልሶም ይወድቃል። ደሙ ቢመረመር ጋማ ግሎቡሊን የሚባለው፥ ፀረ እንግዳ አካል የሚገኝበት ክፍል ታጣ። እርሳቸውም ከሌሎች ሰዎች ደም የተጣራውን ጋማ ግሎቡሊን በየወሩ ከቆዳው ሥር ይወጉት ጀመር፤ ልጁም ከዚያ መመረዝ ዐረፈ። ዛሬም ዋናው ሕክምና ይኸው ነው፤ ነገር ግን ከሰው ደም የሚገኝና ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ስለ ሆነ ዋጋው ከባድ ነው።

የበሽታው ሥር የተገኘው በ1993 ነው። ጉድለቱ ያለው ኤክስ በተባለው ክሮሞሶም ላይ ነው። ሴት ሁለት ኤክስ ስላላት ደኅናው የተጎዳውን ይሸፍንላታል፤ ወንድ ግን ያለው አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ እናቲቱ ራስዋ ሳትታመም ጉድለቱን ትሸከማለች፤ ከምትወልዳቸው ወንዶች እያንዳንዱ የመታመም ዕድሉ እኩሌታ ነው። ያለ ተሸካሚ እናት በልጁ ላይ እንደ አዲስ የሚጀምርበትም ጊዜ አለ።

በእኛ አገር ልጆች ተከታትለው የሞቱባትን ሴት «ሾተላይ አለባት» እያሉ ማማት የቆየ ነው። እኔም በልጅነቴ ከትልልቆች ስሰማ አብሬ ደግሜዋለሁ፤ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። ከዚህ ሐሜት የተነሣ እናት ስለ ሞቱት ወንድሞችዋ ስትጠየቅ ዝም ትላለች፤ ለሐኪሙ ግን ከሁሉ የሚጠቅመው ያ የተደበቀው ወሬ ነው።

ወንድ ልጃችሁ እስከ ስድስት ወሩ ደኅና ቆይቶ ከዚያ ጆሮው ደጋግሞ ቢመግል፥ ሳንባው ቢታመም፥ መድኃኒቱ ባለቀ ቁጥር ሕመሙ ቢመለስ፥ ይህንኑ በቅደም ተከተል ለሐኪም ንገሩ። በእናቱ ወገን በሕፃንነቱ የሞተ አጎት እንዳለም አያትን ጠይቁ፤ የልጆቹን ስምና የሞቱበትን ዕድሜ ከማንም ይልቅ የሚያስታውሱ እርሳቸው ናቸውና።