የእግረኛው መንገድ የማን ነው?

በዚህ ጋዜጣ ላይ ስለ ቀረጥ፣ ስለ ባንክና ስለ እህል ዋጋ ብዙ ጊዜ ተጽፏል። ዛሬ የማነሣው ጕዳይ ከእነዚህ ያነሰ ይመስል ይሆናል፤ ይኸውም በወረታ ዋና ጎዳና ግራና ቀኝ፣ በሱቆቻችን ደጃፍና በአስፋልቱ መካከል ያለው የእግረኛ መንገድ ነው።

ወረታን ያሳደጋት መንገድ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወጣው መኪና በመካከልዋ ያልፋል፤ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚሄደውም ከዚሁ ይገነጠላል። የፎገራን ሩዝና ሽንኩርት የጫነ፣ ከደረቅ ወደቡም ዕቃ ያወጣ ከባድ መኪና ይመላለስበታል። በገበያ ቀን ከየቀበሌው በእግሩ የሚመጣው ገበሬ ከዚህ ሁሉ መኪና ጋር እየተጋፋ እንዲሄድ ተገዷል። ምክንያቱ ምንድን ነው ቢባል፣ ሰው ሁሉ ጣቱን ወደ ባጃጅ ነጂና ወደ ማዘጋጃ ቤት ይቀስራል። ባጃጁ ጥፋት የለበትም አልልም፤ መንገዱን አስቀድመን የዘጋነው ግን እኛ የሱቅ ሰዎች ነን።

ይህን ስጽፍ ራሴን ነጻ አላወጣም። እኔ የአንድ እህል ነጋዴ ጸሐፊ ስሆን፣ የሩዝ ጆንያ ሲራገፍ ቍጥሩን የምመዘግበው እኔ ነኝ። መጋዘኑ ሲሞላ ትርፉን ከደጃፋችን እንደረድራለን፤ ለአንድ ቀን ብለን ያቆምነውም ሳምንት ይሰነብታል። ባለፈው ጥር አንዲት አሮጊት ዶሮ ታቅፈው ሲመጡ ጆንያው መንገድ ቢከለክላቸው ወደ አስፋልቱ ወረዱ። ወዲያው ከኋላቸው የጭነት መኪና ጥሩምባ ነፍቶ በጭንቅ ቆመ። እርሳቸውን እግዚአብሔር አወጣቸው፤ ዶሮዋ ግን ከእጃቸው አምልጣ ከጎማው ሥር ገባች። አሮጊቷ አልተቈጡም። ነጠላቸውን አራግፈው፣ «ልጄ፣ ታዲያ በየት በኩል ልሂድ?» ብለው ጠየቁኝ። መዝገቤን ይዤ እንደ ቆምሁ የምመልሰው አጣሁ። የዶሮዋን ዋጋ አሠሪዬ ከፈሉ፤ ጆንያው ግን እስከ ማግስቱ ከዚያው ነበር።

ዕቃ ደጅ ካልወጣ ገዢ አያየውም የሚል አለ። ነገር ግን ገዢ ዕቃ የሚያየው ቆሞ ነው፤ መኪና የሚሸሽ ሰው አይቆምም። በአውቶቡስ የሚያልፈው መንገደኛ አቧራውን ትቶልን ይሄዳል፤ ሳሙናውን፣ ጨርቁንና ጨውን የሚገዛን በእግሩ የመጣው ነው።

በዚህ ነገር የኮርያን ሁኔታ መመልከት ይጠቅማል። ኮርያ ለእኛ እንግዳ አይደለችም፤ በ1943 ዓ.ም. የቃኘው ሻለቃ ዘምቶላታል፤ በሜዳችን ሩዝ ሲጀመርም የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች እጅ ነበረበት። የደቡቡ ዋና ከተማ ሴኡል ከጦርነቱ በኋላ ስትገነባ ለመኪና ቅድሚያ ሰጥታ ነበር። ኋላ ግን በቾንግየቾን ወንዝ ላይ የተሠራውን ከፍ ያለ የመኪና መንገድ አፍርሳ፣ በ2005 እ.ኤ.አ. ወንዙን ለእግረኛ መናፈሻ አደረገችው። በ1970 እ.ኤ.አ. የተሠራውን የባቡር ጣቢያ ድልድይም በ2017 ለእግረኛ ለቀቀችው። በሁለቱም ጊዜ የአካባቢው ነጋዴዎች ገበያችን ይጠፋል ብለው ተቃውመዋል። ሥጋታቸውም ከንቱ አልነበረም፤ በቾንግየቾን ዳር ይሸጡ የነበሩ የጎዳና ነጋዴዎች ወደ ሌላ ስፍራ ተዛውረዋል። በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሲጀመር የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፤ ይሁን እንጂ በፒያሳ ስንት ሱቅ እንደ ፈረሰ የምታውቁት ነው።

በወረታ ጎዳና ላይ የሚፈርስ ድልድይ የለም፤ የሚነሣው ጆንያ ነው። እኛው በፈቃዳችን ብናነሣው በኋላ በትእዛዝ ከመነሣት ይሻላል። ይህን ስል ቲማቲም ዘርግተው የሚሸጡት ሴቶች ይባረሩ ማለቴ አይደለም። እነርሱ ሱቅ የላቸውም፤ እኛ አለን። ለእነርሱ ማዘጋጃ ቤቱ ስፍራ ይፈልግላቸው፤ እኛ ደግሞ ሸክም የያዙ ሁለት ሰዎች የሚተላለፉበትን ያህል ከደጃፋችን እንልቀቅ፤ የተራገፈውም ዕቃ በዕለቱ ይግባ።

አሠሪዬ ይህን ጽሑፍ አስቀድመው አንብበውታል። «ጆንያውን ወዴት ልናደርገው ነው?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ከመጋዘኑ ጀርባ ያለው ባዶ ግቢ ቆርቆሮ ቢለብስ ይበቃናል፤ የእንጨቱን፣ የምስማሩንና የቆርቆሮውን ሒሳብ አውጥቼ ከጠረጴዛቸው ላይ አኑሬላቸዋለሁ።